የፍሪደንሃይም ሕፃናት ስም

ለገሠ ክፉ ወሬ መንገር አልፈጠረበትም። በአንድ ቤተ ክርስቲያን ሃያ ዓመት አብረን ዘምረናል፤ ስለዚህ ይህን ብዬ ብጽፍ አይቀየመኝም። ቢቀየመኝም መብቱ ነው።

ሥራው ዴንቨር አጠገብ ባለችው ኦሮራ ከተማ ሕመምተኞችን በቫን ወደ ኩላሊት እጥበት ማመላለስ ነው። ሚስ ኤልሳ ዲርክስን ሦስት ዓመት ሙሉ፣ በሳምንት ሦስት ቀን ወስዶ መልሷቸዋል። የዘጠና አንድ ዓመት አሮጊት ናቸው፤ ባል የላቸው፣ ልጅ የላቸው። ያደጉት ከኦሮራ ሦስት ሰዓት ወደ ምሥራቅ ተነድቶ በሚደረስባት፣ ዛፍ በሌለው ሜዳ መሐል ባለችው ፍሪደንሃይም ነው። ከተማዋን የመሠረቷት ሜኖናይት የሚባሉ ፕሮቴስታንቶች ናቸው። ለገሠ የኛን ቤተ ክርስቲያን፣ መሠረተ ክርስቶስን፣ ናዝሬት ላይ የጀመሩት የሜኖናይት ሚሲዮናውያን መሆናቸውን ሲነግራቸው፣ "እንግዲያው ዘመዴ ነህ" አሉት።

ከዚያ ወዲያ መንገዱ ሁሉ የከተማዋ ታሪክ ሆነ። አያቶቻቸው ጠመንጃ አንይዝም ብለው ከሩሲያ ሜዳ ተሰደው መጡ። እንጨት ስላልነበረ ሣር ያያያዘውን አፈር እየቆረጡ ቤት ሠሩ። በመጀመሪያው የበረዶ ወራት ጉሮሮ የሚያንቅ በሽታ ገብቶ አሥራ ዘጠኝ ሕፃናት ጨረሰ። በኋላ በጦርነት ጊዜ፣ አንዋጋም ስላሉ፣ ጎረቤት ሌሊት መጥቶ ፈሪዎች ናችሁ ለማለት የቤተ ክርስቲያናቸውን በር ቢጫ ቀለም ቀባባቸው። ባቡሩ ቀረ፣ ትምህርት ቤቱ ተዘጋ፣ ወጣቱ ዴንቨር ገባ። በሕፃናቱ መቃብር ላይ ስማቸው ተጽፎ የተተከለው እንጨትም በስብሶ ወደቀ።

"ግድ የለም፤ ስማቸው ቤተ ክርስቲያኑ መዝገብ ላይ አለ" ይሉ ነበር ሚስ ኤልሳ።

ባለፈው መጋቢት የሣር እሳት ተነሥቶ ቤተ ክርስቲያኑን ከነመዝገቡ በላው። የመቃብሩ ጠባቂ ሚስተር ፔነር ለለገሠ ደወሉለት። ሚስ ኤልሳ ስልክ ላይ ስለማይሰሙ፣ "ቀስ አድርገህ አንተ ንገራቸው" አሉት።

"እሺ" አለ።

እኛ ዘንድ ግን መርዶ እንዲሁ አይነገርም። ሰው ተሰብስቦ፣ ደጋፊ አጠገብ ኖሮ፣ በማለዳ ነው። ዘመድ የሌላቸውን ታማሚ ሴት መኪና ውስጥ፣ ያውም መርፌ ሊወጉ ሲሄዱ፣ እንዴት ያርዳቸው? ለገሠ የቤተ ክርስቲያናችንን ሰዎች፣ ፓስተር ፍቅረየሱስንና እትዬ ጥሩሰውን፣ ይዞ ቤታቸው ሊሄድ አሰበ። ሲያማክረኝ እኔም ትክክል ነህ አልኩት፤ አሁን ሳስበው አፍራለሁ። ፓስተሩ ሲመቻቸው እትዬ ጥሩሰው ሥራ ገቡ፤ እሳቸው ሲመቻቸው ፋሲካ ደረሰ። ዛሬ ነገ ሲባል ሰባት ሳምንት አለፈ። ሚስ ኤልሳ በመሐሉ "ሜዳው ለምልሟል?" ብለው ሲጠይቁት፣ "ለምልሟል" ይላቸው ነበር።

ግንቦት ላይ ተኝተው ሳይነሡ ቀሩ።

የተቀበሩት እዚያው ፍሪደንሃይም ነው። ቀባሪው ዘጠኝ ሰው ነበር፤ ከዘጠኙ አራቱ እኛ ነን። ከሣጥናቸው ማዶ የሕፃናቱ ትንንሽ ጉብታዎች ተደርድረዋል። አፈር ከተመለሰ በኋላ ሚስተር ፔነር ደብተርና እስክሪብቶ ይዘው ወደ ለገሠ መጡ።

"ስትነግራቸው የስንቱን ስም አስታወሱ?"

"የማንን ስም?"

"የሕፃናቱን ነዋ። ልጅ ሳሉ አያታቸው በየፋሲካው እጃቸውን ይዘው በመቃብሮቹ መሐል እያዞሩ አስጠንተዋቸዋል። እሳቸው ብቻ ናቸው የሚያውቁት። መዝገቡ መቃጠሉን ሲሰሙ አንድ በአንድ ያስጽፉሃል ብዬ ስጠብቅ ነበር።"

ለገሠ ፊቱ አመድ መሰለ። ያን ያህል ሲያፍር አይቼው አላውቅም፤ እኔም ከእሱ ጋር አፈርኩ።

"አልነገርኳቸውም" አለ መሬት መሬት እያየ። "እንዳያዝኑ ብዬ ነው።"

ሽማግሌው አልተቆጡም፤ ቢቆጡን ይሻለን ነበር። ባዶውን ደብተር አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት።

"አንድ ቀን ብቻ ያለቅሱ ነበር" አሉት። "ከዚያ ይነግሩህ ነበር።"