የረጅሙ ሌንስ ቦርሳ

ይህ የሆነው አምና ጥር ላይ ነው። ብዙ ነገር ቶሎ ይረሳኛል፤ ይህን ግን የካሜራ ዕቃዬን በከፈትኩ ቁጥር አፍንጫዬ ያስታውሰኛል።

ደብረ ብርሃን ውስጥ ፎቶ ቤት አለኝ። ሥራዬ ሠርግ ነው። ጥር ለእኛ የመኸር ወር ስለሆነ በጥር ከተማውን ጥሎ የሚሄድ ፎቶ አንሺ እብድ ነው። እኔ ያበድኩት ዱባይ ስቱዲዮ ያለው አንድ የአገራችን ሰው ለትልቅ ሠርግ ሁለተኛ አንሺ እንድሆንለት ስለጠራኝ ነው። ሥራዬን ከወደደው በየጊዜው እንደሚያስመጣኝ ነገረኝ። የያዝኳቸውን ሠርጎች ለጓደኞቼ አከፋፍዬ ተነሳሁ። ሰውዬው አጥብቆ ያስጠነቀቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር። ሙሽሮቹ ካሜራ አጠገባቸው እንዲደርስ ስለማይፈልጉ የማነሳው ከአዳራሹ ጥግ ሆኜ ነው፤ ረጅሙን ሌንስ ሳልይዝ እንዳልመጣ አለኝ።

የእጅ ሻንጣ ከሰባት ኪሎ እንዲያልፍ አይፈቀድም። ስለዚህ ያን ሰሞን ሙሉ ሥራዬ መክተትና ማውጣት ሆነ። ትልቁ ፍላሽ ቀረ፣ የካሜራ ማቆሚያው ቀረ፣ በጣም የምወደው አጭሩ ሌንስ እንኳ ቀረ። ሁለቱን ካሜራዎች በእጄ ልይዝ ወሰንኩ። ረጅሙ ሌንስ ከባድ ስለሆነ ስፖንጅ ባለው በራሱ ቦርሳ ከትቼ፣ በሹራብ ጠቅልዬ፣ ከትልቁ ሻንጣ መሃል አስቀመጥኩት። ሻንጣው ሲመዘን ከተፈቀደው ጋር እኩል ሆነ። ለአንድ ጥንድ ካልሲ እንኳ ቦታ አልነበረውም።

አክስቴ አጸደ ከአንኮበር የመጣችው ይሄኔ ነው። የአባቴ እህት ናት። ልጇ ብርቄ ዱባይ ባል አግብታ በዚያው ሰሞን ወንድ ልጅ ወልዳ ነበር።

እኛ ዘንድ መንገደኛ ሲነሳ ሻንጣው የሰፈሩ ሁሉ ነው። በርበሬው፣ ሽሮው፣ በሶው በየፌስታሉ ይመጣል። እኔ የሁሉንም መልሼ ነበር፤ የተቀየመኝም ብዙ ነው። አክስቴ ግን አንድ አፈ ሰፊ ጠርሙስ ሙሉ የነጠረ ቅቤ ይዛ መጥታ፣ «አደራ ጥብቅ ሰማይ ሩቅ» ብላ ፊቴ አስቀመጠችው። እንደማልወስድ ነገርኳት።

«አራስ ናት እኮ። ገንፎዋን በምን ትብላው? በዘይት?» አለች።

ዱባይ ቅቤ በየሱቁ ሞልቷል አልኳት። እንዲህ በማለቴ የሰደብኳት ያህል ፊቷ ተለዋወጠ። ለብረት ቦታ አለህ፣ ለእህትህ ቦታ የለህም አለችኝ። እኔም ድምፄን ከፍ አድርጌ ብረት ሳይሆን እንጀራዬ እንደሆነ ነገርኳት። ጠርሙሷን ከፊቴ መልሳ አነሳች። ያሸነፍኳት መሰለኝ።

ማታ ዘመድ ሊመርቀኝ ተሰበሰበ። አክስቴ ብርድ ብርድ አለኝ ብላ ሻንጣው ካለበት ጓዳ ገብታ ጋደም አለች። በማግስቱ ስሄድ አቅፋ ሳመችኝ፤ ቂም እንዳልያዘችብኝ አስቤ ደስ አለኝ። እንዴት ያለሁ ሞኝ ነኝ።

ዱባይ ደርሼ፣ የሠርጉ ዕለት ጠዋት፣ አሠሪዬ አጠገቤ ቆሞ ሻንጣዬን ከፈትኩ። ሹራቡ በቦታው አለ፣ የሌንሱ ቦርሳም እንደ ተጠቀለለ ነው። ዚፑን ስስበው ጠርሙሱ ብቅ አለ። ክዳኑ በፌስታልና በገመድ ጥፍር ተደርጎ ታስሯል፤ ያም ሆኖ ቅቤው ትንሽ ፈስሷል። ኮሰረቱ ክፍሉን ሞላው። አክስቴ ሌንሱን አውጥታ፣ ቦርሳው ስፖንጅ ስላለው ጠርሙሱ እንዳይሰበር ብላ እዚያ ከታዋለች። ክብደቱም ተቀራራቢ ስለሆነ ሚዛን ላይ እንኳ አልታወቀኝም።

ሰውዬው ምንድን ነው ብሎ ጠየቀኝ። ቅቤ ነው አልኩት፤ ሌላ ምን እላለሁ? አልሳቀም። ሌንስ ሊዋስልኝ ወዲህ ወዲያ ደወለ፤ አልተገኘም። በእኔ ቦታ ሌላ ሰው ጠርቶ እኔን በር ላይ አቆመኝ። ያን ቀን ሙሉ ጥርሴን እየነከስኩ ገቢና ወጪ እንግዳ ሳነሳ ዋልኩ።

በማግስቱ ጠርሙሱን ይዤ ብርቄ ቤት ሄድኩ። የሄድኩት ልጮህባት ነው፤ እናቷ ያደረገችኝን አንድ በአንድ ልነግራት። ባሏ በሩን ከፈተልኝ። ብርቄ አልጋ ላይ ሆና ሕፃኑን ታጠባለች። ገና አፌን ሳልከፍት ጠርሙሱን ከእጄ ተቀብላ ፈታችው፤ አፍንጫዋን አስጠግታም ቆየች።

«እማዬ መጣች» አለች ለሕፃኑ።

ከዚያ አመሰገነችኝ። መንገደኛ ሁሉ እምቢ ይል እንደነበር፣ እኔ ብቻ እንዳሰብኩላት እያነሳች መረቀችኝ። ቁጣዬን እዚያ ማራገፍ ስላልቻልኩ ሙሉውን ይዤው አገሬ ተመለስኩ።

ሌንሱ ቤቴ አልነበረም። አክስቴ ጋ ስደውል በጥሩ ቦታ አስቀምጬልሃለሁ አለች። አንኮበር ስደርስ ከገብሱ ጎታ ውስጥ አወጣችልኝ፤ ብርድ እንዳይመታው ነው አለች። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ! የሌንሱን ቀለበት ሳዞረው እንደ ወፍጮ ተንቋቋ። ጎረቤት እስኪወጣ ጮህኩባት። የዱባዩ ሥራ በእሷ ምክንያት እንደቀረብኝ፣ ሌባ እንደሆነች ሳይቀር ተናገርኩ።

እሷ የገብሱን አቧራ ከቀሚሷ እያራገፈች፣ «ያንተ ሠርግ ከርሞም አለ። የልጄ የአራስነት ጊዜ ግን አንዴ ካለፈ አይመለስም» አለችኝ። ካሁን በኋላ አክስት የለኝም ብያት ወጣሁ።

ከዚያ ወዲህ አልተነጋገርንም። ዘመድ ሊያስታርቀን ሞክሯል። እኔ ይቅርታ ትበለኝ እላለሁ፣ እሷ መጥቶ ምሳ ይብላ ትላለች። የዱባዩ ሰውዬ ዳግም አልደወለልኝም። ሌንሱን አስጠረግኩት፤ ዛሬም ይንቋቋል። ይቅር ብያታለሁ ብል ውሸት ነው።

ቦርሳውን ደጋግሜ አጥቤዋለሁ፤ የኮሰረቱ ሽታ አልለቀቀም። በከፈትኩት ቁጥር መጀመሪያ ንዴቴ ይመጣል፤ ቀጥሎ ይርበኛል። ጓደኞቼ ሌላ ቦርሳ ግዛ ይሉኛል። እስካሁን አልገዛሁም።