ድሪው ከመቅለጡ በፊት

አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ማትሪክ ሳይመጣልኝ ሲቀር አምቦ ገበያ ዳር ባለው የኦቦ ገመቹ ብር ቤት ተቀጠርኩ። በመጀመሪያው ቀን አንድ አሮጌ ቀለበት ሰጡኝና «ድንጋዩን ከንፈርሽ ላይ አድርጊው» አሉኝ።

«ልሠራ እንጂ ልስም አልመጣሁም» አልኳቸው።

ሳቁ። «ይቺ ምላስ! አድርጊው ይልቅ።»

አደረግሁት። እውነተኛ ድንጋይ ቅዝቃዜው ይቆያል፤ ጠርሙስ ቶሎ ይሞቃል፤ ፕላስቲክ ገና ሲነካ ለብ ይላል። በዚያው ቀን ሦስቱን ለየሁ። ቁጭ ብሎ መዋል ግን እስከ ዛሬም አልሆነልኝ።

ሥራችን ያገለገለ ብር ነው። አምባር፣ አልቦ፣ መስቀል፣ ድሪ እንገዛለን፤ ደህናው ይጠገናል፣ የቀረው ይቀልጣል። ብሩን ጥቁር ድንጋይ ላይ አሽተን በአሲድ እንፈትነዋለን። ከዚያ ጀርባው ይታያል። የድሮ አንጥረኞች ስማቸውን አይጽፉም፤ ምልክት ይመታሉ። ካቺሲ ከተማ የነበረው የአንድ ሽማግሌ አንጥረኛ ምልክት ለምሳሌ ሦስት ነጥብ ነበር። ሰዉ ግን ጌጡን በአመድና በሎሚ ሲፈትግ ኖሮ ምልክቱን ያጠፋዋል። ስለዚህ እኔ ሳላየው ምንም ነገር አይታጠብም ብዬ ደንብ አወጣሁ። ኦቦ ገመቹ «የቤቱ ጌታ ማን ነው?» አሉ እንጂ ደንቡን አልሻሩትም።

አደ ብርቄ የሚባሉ እናት በየገበያው ቀን ይመጡብን ነበር። ሳጥናቸው ተሰብሮ የብር ድሪያቸው ተሰርቋል። ድሪው ከእናት ወደ ልጅ የሚወርድ ነው፤ የልጃቸው የጫልቱ ሠርግ ደግሞ ደርሷል። «ካቺሲ የተሠራ ነው፤ መሐሉ ላይ እውነተኛ ቀይ ድንጋይ አለው» ይሉናል።

አንድ ቅዳሜ ተካ የሚባል አሮጌ ብር ነጋዴ ከእንጭኒ ጥቅል ይዞ መጣ። ከውስጡ ባለ ቀይ ድንጋይ ድሪ ወጣ። ገለበጥኩት፤ ሦስት ነጥብ። ድንጋዩን ከንፈሬ ላይ ሳደርገው ለብ አለኝ። በአጉሊ መነጽር ሳየው ከሥሩ ጥቃቅን መስመሮች አሉበት። የመኪና የኋላ መብራት ስባሪ ነው! ድንጋዩን የያዙት ጥርሶችም ከሌላው ብር አዲስ ናቸው።

ኦቦ ገመቹ ወናፉ ዘንድ ሆነው «የካቺሲው ሰውዬ ስንቱን ድሪ ሠርቷል» አሉ። «የአደ ብርቄ ድንጋይ እውነተኛ ነው፤ ይሄ ፕላስቲክ። በይ አምጪው፣ ይቅለጥ።»

«አይቀልጥም። መጀመሪያ እሳቸው ይጠየቁ።»

«አንቺ ደግሞ ማን ነሽ?» አለኝ ተካ።

«ጀርባውን ያየሁት።»

አደ ብርቄን ከገበያው መሐል ፈልጌ አመጣኋቸው። ድሪውን ግን ሽርጤ ኪስ ውስጥ ደብቄዋለሁ። ጌጡን ካየ በኋላማ ሁሉም ሰው ያስታውሳል።

«ድሪዎ ተጠግኖ ያውቃል?»

«በፍጹም! አንዴ ብቻ የጫልቱ አባት ላሳጥበው ብሎ ወሰደው። ሲመለስማ ከቀድሞው ይልቅ ቀልቶ መጣ።»

«ሥራቸው ምን ነበር?»

«ሾፌር። ነፍሱን ይማረውና፣ ዕድሜው በነቀምት መንገድ ላይ ነው ያለቀው።»

አወጣሁት። እንደ ልማዴ ሳላለዝብ ነገርኳቸው፤ «ድሪው የርስዎ ነው። ድንጋዩ ግን የመኪና መብራት ነው።»

ኦቦ ገመቹ በዓይናቸው ገረፉኝ። አደ ብርቄ ድሪውን ወደ በሩ ብርሃን አንስተው ብዙ አዩት።

«ዋቃዮ! ድንጋዩን ጥሎት ነዋ! ጥሎት፣ እኔን ፈርቶ!» እስኪያስላቸው ሳቁ። «ያኔ ባንድ የኋላ መብራት ሲነዳ ትራፊክ ይዞት ነበር። ምን ሰበረብህ ስለው ድንጋይ ነው አለኝ!»

ተካ «እኔ ገበያ መሐል ነው የገዛሁት» አለ።

«እንግዲያው የሸጠልህን ሰው ለቀበሌ ታሳያለህ» አሉት ኦቦ ገመቹ። ጥቅሉን ሰብስቦ፣ ድሪውን ትቶ ወጣ።

ኦቦ ገመቹ እውነተኛ ድንጋይ ልግጠምልዎ ቢሏቸው አደ ብርቄ ድሪውን ደረታቸው ላይ ያዙት። «እንዳትነኩት! ጫልቱ የአባቷን መብራት ይዛ ትግባ።»

ከዚያ ወዲህ ጥቅል ሲመጣ ኦቦ ገመቹ «መጀመሪያ ለሷ» ይላሉ። የሚገባኝ ነው።

ወደዚህ ሥራ ለምትገቡ፦ ብር ከመታጠቡ በፊት ይገለበጣል፤ ጠፋብኝ ባይ ጌጡን ከማየቱ በፊት ይጠየቃል። አንጥረኛውን ምልክቱ ይነግራችኋል፤ ባለቤቱን ጥገናው።