የደወል በግ

ዳሪል ፒኮት ሠላሳ ስምንት ዓመት በግ ሸለተ። እኔ ደግሞ አሥራ ዘጠኙን ዓመት ከጎኑ ሆኜ የሸለተውን ሱፍ በመጭመቂያ እየጠቀጠቅኩ አሽጌያለሁ። ስለዚህ ስለ ዳሪል ትከሻ የምናገረው ከሰው ሰምቼ አይደለም። ቀኝ ትከሻው ሁለት ጊዜ ተቀዶ ሁለት ጊዜ ተሰፍቷል፤ ክንዱ ዛሬ ከደረቱ በላይ አይወጣም። ባርኔጣውን እንኳ የሚያደርገው በግራ እጁ ነው። አውራ ጣቶቹ ግን ደህና ናቸው።

ጌም የጀመረውም በነዚያ አውራ ጣቶች ነው። የዛሬ ሃያ አንድ ዓመት፣ ከመጀመሪያው ቀዶ ጥገና በኋላ ናራንደራ ከተማ ባለው ቤቱ ተጋድሞ ጣራ ጣራውን ሲያይ፣ የእህቱ ልጅ አሮጌ የጌም ማጫወቻዋን ትታለት ሄደች። ጌሙ «የጨው መንገድ» ይባላል። ኢዛ የምትባል የመርከብ ካፒቴን የጠፋ ወንድሟን ፍለጋ ከወደብ ወደብ ትዞራለች። ዳሪል መጀመሪያ «የልጅ ነገር!» ብሎ ናቀው። በሳምንቱ ልጠይቀው ብሄድ ዞር ብሎም አላየኝ።

«ዝም በል አንተ ጠቅጣቂ፣ ማዕበል ላይ ነኝ» አለኝ።

የሚጫወተው እንደ ሥራው በሁለት ሁለት ሰዓት ፈረቃ ነበር። ልክ ሁለት ሰዓት ሲሞላው የማዕድ ቤቱ ደወል ይጮሃል፤ ጆይስቲኩን ያስቀምጥና ሻይ ያፈላል። ከዚያ ደግሞ ሁለት ሰዓት። በእኛ ሥራ የፈረቃው ማብቂያ ደወል ሊጮህ ሲል የተያዘ በግ «የደወል በግ» ይባላል፤ የያዘው ሰው ድርሻ ነው። ደወሉ ቢጮህም ራሱ ይጨርሰዋል እንጂ ሌላ ሰው እጁን አያስገባም። አንድ ጊዜ ሄይ የምትባል ከተማ አካባቢ ስንሠራ ዳሪል ሆዱን አሞት ሊያስመልስ ወጣ። አንድ አዲስ ሸላች ደግነት መስሎት የጀመረውን በግ ሊጨርስለት ተነሣ። ዳሪል አፉን በእጅጌው እየጠረገ ተመልሶ በጉን ከእጁ ነጠቀው። ሰውዬውን የሸለታው ወቅት እስኪያልቅ ድረስ አላናገረውም።

በአሥራ ስድስት ዓመት ውስጥ አራት «የጨው መንገድ» ወጣ፤ አራቱንም በአውራ ጣቶቹ ጨረሰ። አራተኛው ያበቃው ኢዛ ወንድሟ የታሰረበት ምሽግ ፊት ለፊት ቆማ ነው። በሩ ዝግ ነው፣ አለቀ። አምስተኛውን ሌላ አምስት ዓመት ጠበቀ። «ላም አለኝ በሰማይ» እያልኩ አበሽቀው ነበር።

«ኢዛን ሳላስገባ አልሞትም» ይለኛል።

መጣ። መምጣቱስ መጣ፣ ግን ካምፓኒው ምን ነክቶት እንደሆነ እንጃ፣ አንድ ቁልፍ ይበቃው የነበረውን ሁሉ በውዝዋዜ ቀይሮታል። መብራት ለማብራት ጆይስቲኩን ጠምዝዝ። ደብዳቤ ለመክፈት ቅደድ። ዓሣ ለመብላት፣ እውነቴን ነው፣ ወደ አፍህ አስጠጋ! ዳሪል ክርኑን ከጎኑ አጣብቆ እየተሳደበ ይህን ሁሉ አለፈ። የምሽጉ በር ላይ ሲደርስ ግን ጽሑፍ መጣ፦ «ይነሱ። ሁለት እጅዎን ከራስዎ በላይ ከፍ አድርገው መዶሻውን ያሳርፉ።»

«ሠላሳ ስምንት ዓመት ጎንበስ ቀና ብዬ ነው እዚህ ወንበር ላይ የደረስኩት» አለ። «አሁን ደግሞ ተነሥ ይሉኛል?»

በቁልፍ የሚያስመታ ምርጫ ፈለገ፤ የለም። ለካምፓኒው ጻፈ። «እንቅስቃሴው የኢዛ ድካም በሰውነትዎ እንዲሰማዎት የታሰበ ነው» ብለው መለሱለት። ሁለቴ አነበበው።

«ድካም እንዲሰማኝ» አለ። «እኔን!»

ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ ማለት ይሄ ነው። በየመጠጥ ቤቱ ካምፓኒውን ስረግም ከረምኩ፤ የእውነት አንጀቴ አሮ ነበር።

አንድ ሐሙስ ብሄድ፣ ሲሸልት ወገቡን ይይዝለት የነበረውን፣ በስፕሪንግ የሚንጠለጠለውን መታጠቂያ ከሳሎኑ ጣራ ላይ ሰቅሎ ክንዱን አስገብቶበታል። ስፕሪንጉ ክንዱን ወደ ላይ ይስበዋል፣ ዳሪል ወደ ታች ይጥለዋል፣ ስፕሪንጉ መልሶ ያነጥረዋል። «እንደገና ይሞክሩ» ይላል ቴሌቪዥኑ። የጣራው ኖራ ራሱ ላይ ሲረግፍ ሁለታችንም ሳቅን። በአሥራ አንደኛው ሙከራ ግን ፊቱ አመድ መሰለ፤ ከንፈሩን ነክሶ ይዟል።

«ወዲህ በል፣ አንዴ ልምታና ልመልስልህ» አልኩት።

«የኔ በግ ነው» አለ።

ደወሉ ጮኸ። ክንዱን አውጥቶ ሻይ ሊያፈላ ወደ ማዕድ ቤት ገባ። እኔና የምሽጉ በር ተፋጠጥን። አንድ በር ነው፣ ከበሩ ወዲያ ያለውን ራሱ ይጫወተዋል፣ እንዲያውም ባያውቅ ምን ይጎዳዋል ብዬ አሰብኩ። ተነሣሁና ጆይስቲኩን ከራሴ በላይ ከፍ አድርጌ አንድ ጊዜ አሳረፍኩበት። በሩ ወደቀ።

ጌሙ እዚያ ቆሞ ዳሪልን የሚጠብቅ መስሎኝ ነበር። አልጠበቀም። ኢዛ ራሷ እየተራመደች ገባች፤ ወንድሟ ከግድግዳው ሥር ተነሥቶ አቀፋት። ጆይስቲኩ ላይ ያገኘሁትን ቁልፍ ሁሉ ጫንኩ፤ የሚያቆማት የለም። ለካ የጌሙ የመጨረሻ ምት እሱ ኖሯል። ከዚያ በኋላ የሠሪዎቹ ስም ዝርዝር መውረድ ጀመረ።

ዳሪል ሁለት ኩባያ በግራ እጁ አንጠልጥሎ የማዕድ ቤቱ በር ላይ ቆሟል። ቴሌቪዥኑን አላየም፤ ያየው ጆይስቲኩን የያዘውን እጄን ነው። ኩባያዬን ሰጠኝ፣ ተቀመጠ፣ ቴሌቪዥኑን አጠፋ። ሻዩን ጠጣ። ይቅርታ ልለው አፌን ስከፍት ቀደመኝ።

«ሄይ ላይ በጌን ሊጨርስልኝ የተነሣውን ሰውዬ ታስታውሰዋለህ?»

«አስታውሰዋለሁ» አልኩ።

«እሱስ አያውቀኝም ነበር።»