ለቦት ጫማ የተሠራ ሙቀት

የድሮ ሰው ያውቅ ነበር ይላሉ። ከሸጠልኝ ሰውዬ ጀምሮ ይህን ዕቃ ያየ ሁሉ የሚለው ይህንኑ ነው። አያውቅም ነበር። የድሮ ሰው የሚያውቀው የራሱን እግር ብቻ ነው።

ዕቃው የፈረንሳይ እግር ማሞቂያ ነው፤ በፈረስ ሠረገላ ለሚጓዝ ሰው የተሠራ። የትራስ ያህል ርዝመት ያለው ጠፍጣፋ የመዳብ ሣጥን ሲሆን ላዩ በምንጣፍ ተለብጧል፤ በጎኑ የሚጠመዘዝ ክዳን አለው። የፈላ ውሃ ይሞላበትና ተሳፋሪው እግሩን ያሳርፍበታል። ያገኘሁት ዴን ሃግ በምትባል የሆላንድ ከተማ፣ ከምሠራበት ቢሮ አጠገብ ካለ የአሮጌ ዕቃ ገበያ፣ በምሳ ሰዓት ነው። ስለ ሠረገላ ጉዞ ከሚያስፈልገኝ በላይ ስላነበብኩ ሻጩ ሳይነግረኝ ምን እንደሆነ አወቅሁ፤ ማወቄም ደስ አሰኘኝ። ያነበበ ሰው ከሚሳሳታቸው ስሕተቶች ብዙዎቹ የሚጀምሩት እንዲህ ደስ ሲለው ነው።

የገዛሁት ለእናቴ ነው። እናቴ ስኳር አለባቸው፤ ሌላ ከተማ፣ ቢልመር በሚባል ሰፈር ከእኔና ከልጄ ጋር ይኖራሉ። የንስሐ አባታቸው ሮተርዳም ስለሆኑ እሑድ እሑድ ሦስታችንም በባቡር ወደዚያ እንሄዳለን። ቤተ ክርስቲያኑን የምንከራየው ከሆላንዶች ነው፤ ማሞቂያው የሚበራው ለእነሱ ሰዓት እንጂ ለእኛ አይደለም። እኛ ደግሞ ጫማ አውልቀን ነው የምንገባው። ምንጣፍ ብናነጥፍም ከሥሩ ድንጋይ ነው። በክረምት ሁሉም ሰው እግሩን ሲያፈራርቅ እናቴ ብቻ ዝም ብለው ይቀመጣሉ። አንድ ቀን እንኳ በረደኝ ብለው አያውቁም። ትዕግሥት መስሎኝ ነበር።

ዕቃውን ከመግዛቴ በፊት የቤተሰብ ሐኪማችን ጠይቃቸው ነበር፤ “እግርዎ ሲነካ ይሰማዎታል?” ተርጓሚው እኔ ነበርኩ። እናቴ “እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ” አሉ። እኔም “አዎ” ብዬ ተረጎምኩ። ካልሲ ለማውለቅ አፈሩና ለሌላ ጊዜ አስተላለፍነው። “ቤት ውስጥ በየቀኑ እግራቸውን እይ” አለችኝ ሐኪሟ። የእናቴን ካልሲ አውልቄ? ሃምሳ ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ እንኳን እግራቸውን ዓይናቸውንም ትክ ብዬ አላይም።

ዕቃውን ከገዛሁ በኋላ በመጣው እሑድ በቤተ ክርስቲያኑ ኩሽና ውሃ አፍልቼ ሣጥኑን ሞላሁት። እናቴ ቀጭን ካልሲ እንዳደረጉ እግራቸውን ላዩ ላይ አሳረፉ፤ እኔም በጋቢ ሸፈንኩላቸው። ምንጣፉ በአንድ በኩል አልቆ መዳቡ ብቅ ማለቱን አይቻለሁ። ጥንታዊነቱ ነው ብዬ አለፍኩት።

“ሞቀዎት?”

“ተባረክ ልጄ። ገነት ነው።”

የሠረገላ ዕቃ መሆኑን ነግሬያቸው ነበርና፣ አጠገባቸው የተቀመጡት ሴትዮ ጎንበስ ብለው አዩና “እትዬ፣ ዛሬስ በሠረገላ ነው! እንደ ኤልያስ ጥለውን ሊያርጉ ነው?” አሏቸው።

“ቦታ አለ፣ ይሳፈሩ” አሉ እናቴ። ሴቶቹ በነጠላቸው አፋቸውን ይዘው ሳቁ። ቅዳሴው እስኪያልቅ እግራቸውን አላነሡም።

ስንመለስ ባቡሩ የዴልፍትን ከተማ እንዳለፈ የእናቴ አንድ ጫማ ሳይታወቃቸው ወልቆ ኖሮ፣ ከፊታቸው የተቀመጠችው ልጄ አጎንብሳ አየች። አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ እዚህ ነው ያደገችው፤ ለአያቷም “አንቺ” ነው የምትለው።

“እማማ፣ ካልሲሽ ረጥቧል።”

“ውሃ ነክቶኝ ይሆናል።”

“ውሃ አይደለም። አውልቂው።”

“ትልቅ ሰው እንዲህ አይታዘዝም” አልኳት።

“ፓፓ፣ እባክህ ዝም በል” አለችና ባቡሩ ወለል ላይ ተንበርክካ ካልሲውን ራሷ አወለቀችው። የውስጥ እግራቸው ቆዳ እንደ ወተት ስልባቦት ተሸብሽቦ ተነሥቷል፤ ከሥሩ ቀይ ሥጋ ይታያል። እናቴ የሌላ ሰው እግር እንደሚያይ ሰው ተመለከቱት።

“አላመመኝም እኮ” አሉ፣ እኛን ለማጽናናት።

“ከመቼ ጀምሮ ነው የማይሰማዎት?”

“ሁለት ዓመት ይሆናል። ሥራ ይበዛብሃል፣ ምን ላስጨንቅህ ብዬ ነው።”

ቀሪውን መንገድ ልጄ እግሩን ጭኗ ላይ አድርጋ ይዛው ሄደች። እኔ ሣጥኑን ይዤ ነበር። ውሃው ገና ለብ ያለ ነበር፤ የድሮ ሰው ይህን ያህል ያውቃል። ያላወቀው፣ ምናልባትም ማወቅ ያላስፈለገው፣ ጫማውን አውልቆ የሚቀመጥ ሰው መኖሩን ነው። ዕቃው የተሠራው ወፍራም ቦት ጫማ ላደረገ እግር፣ ሙቀቱ ሲበዛበት ለሚነሣ እግር ነው። ይህንን ከዚያ ሁሉ መጽሐፍ ውስጥ አላገኘሁትም፤ ልጄ ተንበርክካ አገኘችው።

አሁን በየጠዋቱ ነርስ እየመጣች ቁስሉን ታጥባለች። ትንሿ ጣት ትቆረጥ አትቆረጥ ገና አልተወሰነም። እናቴ ሣጥኑን እንዳልጥለው ይለምኑኛል፤ “ለሌላ ሰው ይሆናል፣ ዕቃው ምን አጠፋ?” ይላሉ። ልክ ናቸው። ዕቃው አላጠፋም።

ስኳር ያለባቸው ወላጅ ካሏችሁ ዛሬውኑ ካልሲያቸውን አውልቁና የውስጥ እግራቸውን እዩ። ደህና ነዎት ወይ ብላችሁ አትጠይቁ። እዩ።