በቆዳ የተሰፋው ወረቀት

ልጆቼ ሲያድጉ አንድ ታሪክ ደጋግሜ ነግሬያቸዋለሁ። የልጇን የፈንጣጣ ክትባት ወረቀት እንደ ክታብ በቆዳ አሰፍታ ልጅቷ አንገት ላይ ያንጠለጠለች የአንዲት ገጠሬ ሴት ታሪክ ነው። የመማርን ጥቅም ላስረዳቸው ስፈልግ አነሳዋለሁ፤ እነሱም ይስቃሉ። ሁልጊዜ ግን እኩሌታው ላይ አቆመዋለሁ። የቀረውን ዛሬ እጽፋለሁ።

ዘመኑ ሃምሳዎቹ ነበር። ፈንጣጣ ከገጠር ወደ ከተማ እንዳይገባ ተብሎ በየመግቢያው ኬላ ቆመ። እኔ የተመደብኩት ከእንጦጦ ጀርባ የሚመጣው የእግር መንገድ የየካን ተራራ ወርዶ ከኮተቤ መንገድ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ነው። ከሁለት ባሕር ዛፎች ጋር የታሰረ አግዳሚ እንጨትና አንድ ወንበር ነበረኝ። ወደ ከተማ የሚያልፍ ሁሉ መከተቡን የሚያስረዳ ማኅተም ያለበት ወረቀት ያሳያል፤ የሌለው ይመለሳል።

ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም። ፊደል ያስቆጠሩኝ ጎረቤታችን የነበሩ ቄስ ናቸው፤ የቀረውን ስኳር ከሚጠቀለልበት አሮጌ ጋዜጣ ላይ ብቻዬን ለቅሜ ተማርኩ። ለኬላው የተመረጥኩትም ማንበብ ስለምችል ነበር። ይህ ልቤን አሳብጦት ነበር።

አንድ ማለዳ አንዲት ሴት አምስት ዓመት የሚሆናት ልጅ አዝላ ተሰልፋ መጣች። የልጅቷ አንድ ዓይን በነጠላ ቁራጭ ታስሯል። እናቲቱ በዋዜማው እንጨት ስትፈልጥ ስባሪው ተፈናጥሮ የልጅቷን ዓይን መቷት ነው።

«ወረቀት» አልኳት።

ከልጅቷ አንገት ላይ ጥቁር ቆዳ አንስታ አሳየችኝ። «ይኸው ጌታዬ፣ እዚህ ውስጥ ነው። የከተባት ሰውዬ ከልጅቷ እንዳይለይ፣ ውሃም እንዳይነካው ስላለኝ አሰፋሁት።»

«ፍቺውና አሳዪኝ።»

«ኧረ በማርያም! ከተፈታማ ኃይሉ ይጠፋል። ልጄን በሽታው ይውሰድብኝ? ክንዷን ይዩልኝ፣ የክትባቱ ቁስል ገና አልሻረም።» እጅጌዋን ሰበሰበችላት።

«የታዘዝኩት ወረቀት እንዳይ ነው» አልኩ። ክንዷን አላየሁም።

ከኋላዋ አህያ የሚነዱ ሽማግሌ ነበሩ። «አንተ ልጅ፣ የተማርክ አይደለህ እንዴ?» አሉኝ። «ከነቆዳው አንብበዋ!»

«መነጽሩን ረስቶ መጥቶ ነው» አለ ሌላው።

ሰልፉ በሙሉ ሳቀ። ያልሳቀችው ሴትየዋ ብቻ ነበረች። ፊቴ እሳት ሆነ።

«ተመለሺ!» አልኳት። «መንግሥት ክታብ አያነብም።»

እግሬ ላይ ወደቀች። «ዓይኗ ነው ጌታዬ! ሆስፒታል አድርሻት ዛሬውኑ እመለሳለሁ።»

ሽማግሌውም ደነገጡ። «ልጄ፣ ቀልዴን እኮ ነው። በእኔ ሞት፣ አሳልፋት።»

ባሳልፋት የተሸነፍኩ መሰለኝ። አግዳሚውን አላነሳሁም። ልጇን መልሳ አዝላ አቀበቱን ወጣች።

ለልጆቼ ታሪኩን የማቆመው እዚህ ላይ ነው።

ያልነገርኳቸው ይህ ነው፤ በዚያች ሰዓት እኔም ከካኪ ሸሚዜ ሥር ክታብ አስሬ ነበር። ኬላው ላይ ስትውል በሽታው እንዳይጋባብህ ብላ ያሰረችልኝ እናቴ ናት። ፍታው ብባል ሥራዬን እለቅ ነበር እንጂ አልፈታውም። ሴትየዋ ምን እንደፈራች ከዚያ ሁሉ ሰው አጥርቼ የማውቀው እኔ ነበርኩ። ደንብ ማክበር ደግ ነው፤ ልጆቼንም በዚሁ ነው ያሳደግኋቸው። ያን ቀን ግን በደንቡ ስም ያስከበርኩት የገዛ ኩራቴን ነው።

በሦስተኛው ቀን ተመልሳ መጣች። ቆዳው ባንድ ጎኑ ተተርትሯል። ወረቀቱን በሁለት እጇ ሰጠችኝ። የሌላው ሰው ወረቀት ቅቤ የጠጣ፣ ላብ ያሻገተው፣ እጥፋቱ ላይ የተቀደደ ነበር። የእሷ ግን ልክ ትናንት የተጻፈ ይመስላል፤ ማኅተሙ አንዲት ነጥብ አልፈዘዘም። በዚያ ኬላ ላይ እንደዚያ የተጠበቀ ወረቀት አላየሁም። ባዶው ቆዳ አሁንም ልጅቷ አንገት ላይ ነበር። ዓይኗ ላይ የታሰረው ጨርቅ መሽተት ጀምሯል።

«እለፊ» አልኳት።

ሁለት ሳምንት ያህል ቆይተው ወደ አገራቸው ሲመለሱ በኬላው አለፉ። ልጅቷ በእግሯ ትሄዳለች፤ የቀኝ ዓይኗ ጠፍቷል። መንገዱን ለማየት አንገቷን ወደ ጎን ታዞር ነበር።

እናትየዋ ጎንበስ ብላ እጅ ነሳችኝ። «እግዜር ይስጥልኝ ጌታዬ፣ ስላሳለፉኝ።»

«ሐኪሞቹ ምን አሉ?»

«በማግስቱ እንኳ ብታመጫት ኖሮ አሉኝ።» ልጅቷን ወደ ራሷ ሳብ አደረገቻት። «ጥፋቱ የእኔ ነው። መስፋት አልነበረብኝም።»

እውነቱን ልነግራት እችል ነበር። ሰልፍ አልነበረም፤ የሚስቅብኝም ሰው አልነበረም። ሦስታችን ብቻ ነበርን።

«አዎ» አልኳት፤ «አልነበረብሽም። ሁለተኛ እንዲህ እንዳታደርጊ።»

«እሺ ጌታዬ» አለችኝ። አግዳሚውን አነሳሁላቸው።