ከስልሳ አምስት የማያልፈው ቁልፍ

የምሠራበት ድርጅት ቫኖቹ ላይ የፍጥነት መገደቢያ ካስገጠመ ወዲህ ሰው አላምንም። በፊትም ብዙ አላምንም ነበር፤ አሁን ግን ባሰብኝ። ዕቃ ጭኜ ሀይዌይ ላይ ስወጣ ነዳጁን እስከ ወለሉ ብረግጠውም ቫኑ በራሱ ልክ ይሄዳል። አሮጊቶች ሳይቀሩ በግራ ያልፉኛል፤ አንዳንዶቹም ሲያልፉ ዞር ብለው ያዩኛል። አለቃችን «ለእናንተው ደህንነት ነው» ሲለን ጭራሽ ጠረጠርኩ። ለደህንነቴ ተብሎ የተደረገልኝ ነገር ሁሉ መጨረሻው ሌላ ሰው ሲጠቅም ነው ያየሁት። ዛሬ እግሬን የያዘ ነገ እጄን የማይዝበት ምክንያት አልታየኝም።

ታዲያ ይህን ሁሉ የምል ሰውዬ፣ ልጄ መንጃ ፈቃድ አውጥታ መኪና ልገዛላት ስሄድ መጀመሪያ የጠየቅኩት «ፍጥነቱን መገደብ ይቻላል?» ብዬ ነው። ሻጩ ደስ አለው። መኪናው ሁለት ቁልፍ አለው፤ አንዱን የወላጅ፣ አንዱን የልጅ ማድረግ ይቻላል አለኝ። በልጁ ቁልፍ ሲነሳ በሰዓት ከስልሳ አምስት ማይል አያልፍም፤ በወላጁ ሲነሳ እንደ ልብ ነው። እዚያው አስተካከለልኝና የልጁን ቁልፍ ቀይ ፕላስተር ጠቀለልኩበት። ለልጄ ስነግራት «ኦኬ» ብቻ አለች።

«ከስልሳ አምስት አልፈሽ ባገኝሽ መኪናውን እርሺው» አልኳት፤ የምሬን ነበር። እኛ በምንኖርበት በዌስተርቪል መኪና የሌለው ሰው እግር የለውም። ትምህርት ቤቷም፣ ሾርት ኖርዝ የሚባል ሰፈር አይስክሬም የምትሸጥበት ሥራዋም የተንጠለጠሉት በዚያ መኪና ላይ ነበር።

እሑድ ባለቤቴ ጸበል ካላስረጨሁት አለች። ከቅዳሴ በኋላ ቄሱ መኪናውን ከውጭም ከውስጥም ረጩት፤ እሷ ቁልፎቹንም ዘረጋችላቸውና እነሱንም አራሷቸው። ፕላስተሩ ርሶ ለቀቀ። ሁለቱንም በነጠላዋ ጫፍ አድርቃ አንድ ዓይነት ጥቁር ማተብ አሰረችላቸው። «ያ ቀዩ ነገር የታለ?» ስላት «አውቃለሁ፤ ይሄ ያንተ፣ ይሄ የሷ» ብላ አከፋፈለችን። ድርጅቱን፣ ኢንሹራንሱን፣ መብራት ላይ የተሰቀለውን ካሜራ ሁሉ የምጠራጠር ሰው፣ ማተብ ያሰረውን ቁልፍ ግን ምንም ሳልል ኪሴ ከተትኩ።

ከዚያ ወዲህ መኪናው ከእኔ ጋር ተጣላ። ቅዳሜ ይዤው ስወጣ ሀይዌይ ላይ እምቢ ይለኛል። ሳስነሳው ዳሽቦርዱ ላይ አንድ ጽሑፍ ብልጭ ይላል፤ ያሁን ጊዜ መኪና መጻፍ ስለሚወድ አላነበውም። መጀመሪያ ትራንስሚሽኑ ነው ብዬ ሻጩን ረገምኩት። በኋላ ለአንድ የሥራ ባልደረባዬ፣ ለአገሬ ልጅ አጫወትኩት።

«ጋሼ፣ ልጆቹ እኮ ኦንላይን አይተው ገደቡን አንሎክ ያደርጉታል» አለኝ። «ልጅህ ስትነካካው አበላሽታው ይሆናል።»

በቃ፣ እንቅልፍ አጣሁ። ልጄ ከሥራ ስትመለስ እንደ ዋዛ ወጥቼ ኮፈኑ ላይ እጄን አሳርፋለሁ። ሲነዳ የዋለ መኪና ሁሉ እንደሚሞቅ ጠፍቶኝ አይደለም። ዛሬ ቶሎ ደረሰች፣ ዛሬ ደግሞ ጎማው ሸተተኝ እያልኩ ስብሰለሰል ከረምኩ። ባለቤቴ «ልጅቷን ተዋት» ብትለኝ እሷንም ጠረጠርኳት።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት «ነይ እስቲ፣ አብረን ደርሰን እንምጣ» አልኳት። ሀይዌይ ላይ ስንወጣ ከጎኗ ተቀምጬ የማየው መንገዱን ሳይሆን ፍጥነት መለኪያውን ነው። ስልሳ ሦስት ላይ ትሄዳለች። ከኋላ ትልቅ የጭነት መኪና ቢጠጋንም ቅንጣት አልጨመረችም።

«ርገጪው» አልኳት።

«ባባ፣ አር ዩ ሹር?»

«ርገጪው ነው የምልሽ፤ እስከ መጨረሻው።»

ረገጠችው። ስልሳ አምስትን አለፈ። ሰባን አለፈ። ሰባ አምስት ሲደርስ ደሜ ፈላ።

«ማን ነው አንሎክ ያደረገልሽ?» ብዬ ጮህኩባት። «ንገሪኝ፣ ማን ነው የፈታልሽ?»

ቀስ ብላ ፍጥነቷን ቀነሰች፤ ፖላሪስ በሚባለው መውጫ ከሀይዌዩ ወጥታ የገበያ አዳራሹ ፓርኪንግ ውስጥ አቆመች። ቁልፏን ነቅላ ወረደችና በሩን ክፍት ትታልኝ «ትራይ ዩርስ» አለችኝ።

በእሷ ቦታ ተቀምጬ የራሴን ቁልፍ ከትቼ አስነሳሁ። ያ ጽሑፍ ብልጭ አለ። ለመጀመሪያ ጊዜ አነበብኩት፤ የልጅ ቁልፍ ነው፣ ፍጥነቱ ተገድቧል ይላል። የባለቤቴ «አውቃለሁ» ትዝ አለኝና ሳቄ ሊመጣ ምንም አልቀረው። ልጄን ቀና ብዬ ሳያት ግን ጠፋ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቅሽው?»

«ፈርስት ዴይ» አለች። ከመኪናው ጋር የመጣውን መመሪያ እኔ ሳልገልጠው እሷ አንብባው ኖሯል፤ በቁልፏ ስታስነሳ ጽሑፉ ሳይመጣ ሲቀር ወዲያው ገብቷታል።

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

ከእኔ ጋር በአማርኛ ካወራች ቆይታለች። ይህችን ግን በአማርኛ ነው ያለችው።

«አውቀህ የሰጠኸኝ መስሎኝ ነበር።»

ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ። ይህን ሁሉ ጊዜ እሷን የያዛት አንዳች ነገር አልነበረም። አባቴ አምኖኛል ብላ ነው ራሷን የያዘችው። በራሴ አፈርኩ። «አዎ፣ አውቄ ነው» ለማለት አፌን ከፈትኩ፤ ግን እንዲያ ጮሄባት ምን ብዬ። ቁልፉን እዚያው ትቼ ከመሪው ተነስቼ ወረድኩ። እሷም እጇ ላይ የነበረውን የወላጁን ቁልፍ መዳፌ ውስጥ አኖረችልኝና፣ ገብታ ተቀምጣ በልጁ ቁልፍ ወደ ቤት ይዛኝ ነዳች።