ልባችን የታየበት ሐሙስ

ልጄ የምታጠናው ኩላሊት ሲታመም ልብ ምን እንደሚሆን ነው። በምርምር ሥራ ገና ጀማሪ ናት። እኔ የገባኝን ያህል፣ ኩላሊት ውሃና ጨው ማስወጣት ሲያቅተው ጫናው ልብ ላይ ይወድቃል፤ ልብም ሲታገል ግድግዳው ይወፍራል። እሷ ማወቅ የምትፈልገው ይህ ለውጥ መቼ እንደሚጀምር ነው።

አንድ ማታ የካ አባዶ ቤታችን ስትደርስ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ተቀመጠች።

«እማዬ፣ ጤነኛ ሰው አጣሁ» አለችኝ።

«ምን ማለትሽ ነው?»

«በሽተኞቹማ አሉ። ከእነሱ ጋር የማወዳድራቸው፣ በዕድሜ የሚመስሏቸው ጤነኛ ሴቶች ናቸው የጠፉት። ምንም ያላመመው ሰው ልቤን እዪልኝ ብሎ አይመጣም።»

«ማኅበራችን አለልሽ» አልኳት።

እንጦጦ ግርጌ ስንኖር የገባሁበትን የጽዋ ማኅበር ወደ ኮንዶሚኒየም ከገባን በኋላም አልተውኩትም። ሴቶቹ የቤተ ክርስቲያኑን ዳገት ሲወጡ እኔን ጥለውኝ የሚሄዱ ናቸው። ስነግራቸው ሁሉም እሺ አሉ።

ልብን በስክሪን የሚያሳየውን መሣሪያ ሲግናል ሰፈር ያለ የአንድ ክሊኒክ ባለቤት ከሰኞ እስከ ረቡዕ ሊያውሳት ተስማማ። ሐሙስ ለራሱ በሽተኞች ይፈልገዋል። ጥናቷን የምታስረክብበት ጊዜም ደርሷል። ጤነኞቹ ካልታዩ የዓመት ልፋቷ ጎዶሎ ሆኖ ሊቀር ነው።

ሰኞ ጠዋት ነጠላችንን አጣፍተን ክሊኒኩ ደረስን። መጀመሪያ የተኙት ሰብሳቢያችን ናቸው፤ በዕድሜ ሁላችንን ይበልጣሉ። ልጄ ስክሪኑን አየች፣ መሣሪያውን ወዲያ ወዲህ አለች፣ ፊቷ ተለወጠ።

«እማማ፣ ዛሬ ውሃ ጠጥተዋል?»

እሳቸው እየጾሙ ጾሜያለሁ ማለት አይወዱም። እኔን አዩኝ።

«ነነዌ ነው እኮ» አልኳት።

ልጄ እጇን ጭንቅላቷ ላይ ጫነች። እኔ ነነዌ መሆኑን አውቃለሁ፤ ውሃ አለመጠጣት ለዚህ ምርመራ ምን እንደሚያደርግ ግን አላውቅም ነበር። እሷ ደግሞ ውሃውን ታውቃለች፤ ነነዌን ረስታዋለች።

«ከትናንት ማታ ጀምሮ ውሃ ያልነካው ሰው ልቡ የሚያገኘው ደም ያንሳል። ከወትሮው አንሶ ይታየኛል» አለች። «ደማችሁንም ብመረምር ኩላሊታችሁ የደከመ ሊመስል ይችላል። ሦስቱም ቀን ጾም ነው፤ ሐሙስ መሣሪያው የለም።»

ጠጡልኝ ብላ እንዳትለምናቸው ፈራሁ። አላለችም። ለዚህ ዛሬም ፈጣሪን አመሰግናለሁ።

ሰብሳቢያችን ከአልጋው ላይ ሆነው፣ «ሐሙስ ፍስክ ነው። ደውዪና ለምኚው» አሏት።

«እማማ፣ ሦስት ቀን የሰጠኝ ራሱ ትልቅ ነገር ነው። ደግሞ እንዴት ብዬ?»

«እውነቱን ነዋ! ነነዌን ረሳሁት በይው። እኛስ ሰማንሽ አይደል?»

ሴቶቹ ሳቁ። ልጄም እያፈረች ደወለች፤ ሁላችንም እንድንሰማ ስልኩን ጮክ አደረገችው። የክሊኒኩ ባለቤት ከደቡብ የመጣ ሙስሊም ነው። ነገሩን ሲሰማ ሳቁ ክፍሉን ሞላው።

«እኔንም በረመዳን ሲመረምሩኝ የሌለብኝን በሽታ ሊያወጡልኝ ነበር! የሐሙስ ጠዋት በሽተኞቼን ወደ ከሰዓት አዞራቸዋለሁ። ብቻ እናቶች ቁርሳቸውን በልተው፣ በደንብ ጠጥተው ይምጡ።»

«እሱን ለእኛ ተወው!» አሉ ሰብሳቢያችን ወደ ስልኩ ጎንበስ ብለው።

እውነትም ለእኛ ተወው። ጾማችንን ፈጽመን ሐሙስ ጠዋት ስንሰበሰብ፣ ጠጡ መባሉን ሁሉም አጥብቀው ይዘውት ኖሯል፤ ሰብሳቢያችንማ ትልቅ የውሃ ጠርሙስ ታቅፈው መጡ። የመጸዳጃ ቤቱ ወረፋ ከምርመራው ወረፋ በለጠ።

«ኧረ ይበቃል እማማ! እንደ ማንኛውም ቀን ነው መሆን ያለበት!» ትላለች ልጄ።

«አንዴ አፍረሻል፣ ሁለተኛ አናሳፍርሽም።»

አንዷ ጓደኛችን የገዛ ልቧን ስክሪኑ ላይ ስታይ፣ «ባለቤቴ ልብ የለሽም እያለ ነው ያኖረኝ። አትመሽ ስጪኝና ላሳየው!» አለች። ልጄ በሳቅ መለኪያው ስላመለጣት እንደገና መለካት ጀመረች።

እኔ የመጨረሻዋ ነበርኩ። ክፍሉ ጨለም ብሏል። ልቤ ሲከፈትና ሲዘጋ አየሁት፤ ለካ ይህን ሁሉ ዘመን ማንም ሳያዘው ሲሠራ ኖሯል።

«እንዴት ነው?» አልኳት።

«ደህና ነው፣ እማዬ።»

«ተመስገን።»

ቀትር ሳይሆን ጨረስን። መሣሪያውን ራሷ ወልውላ መለሰች፤ ጥናቷንም በጊዜው አስረከበች።

አሁን ለሰው ቀጠሮ ከመስጠቷ በፊት ትደውልልኛለች። «እማዬ፣ በዚያ ሳምንት ጾም አለ?» ትለኛለች። አለ ወይም የለም እላታለሁ።

በቀደም ደግሞ፣ «ረመዳንስ መቼ ነው የሚገባው?» አለችኝ።

«እሱን ለመሣሪያው ባለቤት ደውዪ» አልኳት።